ከጓሮ ያለችው ጎጆ

‹‹ከኅብረተሰቡ የተገለሉ ወገኖች›› ሲባል የብዙዎቻችን ዓይን የሚሄደው ወደ ውጭ ነው። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የተቀመጡትን፣ መናኸሪያ አካባቢ የሚያድሩትን፣ ላስቲክ ወጥረው የሚኖሩትን እናስባለን። ስለ እነሱ የተሠራ ዘጋቢ ፊልም በቴሌቪዥን ሲቀርብ ከንፈር እንመጣለን፣ ‹‹ፈጣሪ ይርዳቸው›› እንላለን፣ ከዚያ ወደ ድራማው እናልፋለን። በዚህ ማንንም አልወቅስም፤ የዓለምን ችግር ሁሉ ተሸክሞ መተኛት አይቻልም። ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግሁት ፊልም ግን እንደዚያ አይቶ ለማለፍ የሚያስቸግር ነው። የተገለለችው ሴት ያለችው ጎዳና ላይ ሳይሆን የገዛ እናቷ ጓሮ ውስጥ ነውና።

ፊልሙ ‹‹ኤ ዎክ ቱ ቢዩቲፉል›› ይባላል፤ በእኛ ቋንቋ ‹‹ወደ ውበት የተደረገ ጉዞ›› እንደማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ሲሆን አዘጋጇ ሜሪ ኦሊቭ ስሚዝ የተባለች አሜሪካዊት ናት። ርዝመቱ ሰዓት ተኩል ያህል ነው። በውጭ አገር ታይቶ ተሸልሟል፤ የሚያሳየው ግን የእኛኑ አገርና የእኛኑ ልጆች ነው። በወሊድ ጊዜ በደረሰባቸው ጉዳት ሽንታቸውን መቆጣጠር ያቃታቸው አምስት ሴቶች ከየገጠሩ ተነሥተው ወደ አዲስ አበባ ፌስቱላ ሆስፒታል የሚያደርጉትን ጉዞ ይከተላል።

ከአምስቱ አንዷ የምትኖረው ከእናቷ ቤት ጀርባ በተሠራች ጭርንቁስ ጎጆ ውስጥ ነው። አንድ ቀን ሁለት ቀን አይደለም፤ ዓመታት። ሐኪም ቤት እንዳለ ሰምታ ስትነሣ መጀመሪያ አስፋልት እስክታገኝ በእግሯ ረጅም መንገድ ትሄዳለች፣ ከዚያ አውቶቡስ ትሳፈራለች። ፊልሙን ያዩ ሁሉ የሚያወሩት ስለዚህ ረጅም ጉዞ ነው። እኔን ያስጨነቀኝ ግን አጭሩ መንገድ ነው፤ ከጎጆዋ እስከ እናቷ ምድጃ ያለው ጥቂት እርምጃ። ያንን እርምጃ በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ማን ከለከላት? እናትየዋ ክፉ ሴት አይደለችም። ልጇን ከግቢ አላባረረችም። ሆኖም በአንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ዓለም ተፈጥሯል።

በሽታውን ለማታውቁት በአጭሩ ላስረዳ። ምጥ ሲጠና ሕፃኑ መውጣት ካቃተው ጭንቅላቱ የእናቲቱን የሽንት ፊኛ ከዳሌ አጥንቷ ጋር አጣብቆ ይጫነዋል። ይህ አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሲቆይ የተጫነው ሥጋ ደም አጥቶ ይሞታል። ሕፃኑም አብዛኛውን ጊዜ በሕይወት አይወለድም። እናትየዋ በሐዘን ላይ እንዳለች ከጥቂት ቀናት በኋላ የሞተው ሥጋ ይረግፍና ቀዳዳ ይፈጠራል። ከዚያ ሽንት ሌሊትና ቀን ሳያቋርጥ ይወርዳል፤ ጉዳቱ ወደ ኋላ ከሄደ ደግሞ ሰገራም አብሮ። ፌስቱላ የምንለው ይህንን ነው። አንዳንዶቹ የእግራቸው ነርቭ ስለሚጎዳ መዳፋቸውን እየጎተቱ ይሄዳሉ። እርግማን አይደለም፣ ቡዳ አይደለም፣ የሥነ ምግባር ጉድለትም አይደለም። በጊዜው ሐኪም ዘንድ ያልደረሰ ምጥ ነው።

በነርስነት ዘመኔ እነዚህን ሴቶች ካስተማሩኝ ነገሮች አንዱን ልንገራችሁ። ሽንት የሚያመልጣት ሴት ሰው እንዳይሸታት ብላ ውሃ መጠጣት ታቆማለች። ውሃ ሲቀንስ ሽንቱ ይወፍራል፣ ሽታው ይብሳል፣ ቆዳዋን እንደ በርበሬ ያቃጥላታል። ስለዚህ ይበልጥ ትደበቃለች፣ ይበልጥም ውሃ ትቀንሳለች። እንዳይፈስ ብለው እግራቸውን አጥፈው ከመተኛት ብዛት ጉልበታቸው አልዘረጋ ያላቸውም አሉ። ከዚህ ውስጥ ስንቱን በሽታው እንዳመጣው፣ ስንቱን ደግሞ መደበቁ እንዳመጣው አስቡት። ‹‹በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም›› ይባላል። ግን እነዚህ ሴቶች በሽታቸውን የደበቁት ወደው አይደለም፤ እኛ አፍንጫችንን ስንይዝ አይተው ነው።

አዲስ አበባ ያለውን ሆስፒታል የመሠረቱት አውስትራሊያዊቷ ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ኒው ዚላንዳዊው ባለቤታቸው ዶክተር ሬጅናልድ ሐምሊን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ አገራችን የመጡት በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል አዋላጆችን ለማሠልጠን ነበር። እነዚህን ሴቶች ሲያዩ ግን ሕይወታቸው በሙሉ ወደዚያ ሄደ፤ እ.ኤ.አ. በ1974 የፌስቱላ ሆስፒታሉን አቋቋሙ። ባለቤታቸው እ.ኤ.አ. በ1993 ካረፉ በኋላም ዶክተር ካትሪን ሥራውን ቀጥለው፣ መጋቢት 9 ቀን 2012 ዓ.ም. በ96 ዓመታቸው እዚሁ አዲስ አበባ አረፉ። ሕክምናው በነፃ ነው። ታክመው የሚወጡት ሴቶች ወደ ቤታቸው ሲመለሱ አዲስ ቀሚስ ይሰጣቸዋል። ይህ የቀሚስ ነገር ለማያውቅ ሰው ትንሽ ነገር ይመስላል። ዓመታት ሙሉ ደረቅ ልብስ ለብሳ ለማታውቅ ሴት ግን ምን ማለት እንደሆነ ፊልሙን ያየ ይረዳል።

በዚያ ሆስፒታል ሌላም የማደንቀው ነገር አለ። ታክመው ከዳኑት ብዙዎቹ እዚያው ቀርተው አስታማሚ ይሆናሉ። ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼን ብዙዎቻችሁ ስማቸውን ሰምታችኋል። የትምህርት ቤት ደጅ ሳይረግጡ በታካሚነት ገብተው፣ አልጋ ማንጠፍ ጀምረው፣ በኋላ በቀዶ ሕክምና ክፍል እያገዙ ተምረው፣ ከውጭ የሚመጡ ሐኪሞችን ሳይቀር የሚያሠለጥኑ የፌስቱላ ቀዶ ሐኪም ለመሆን በቅተዋል። ያቺ ትናንት ገበታ የተከለከለች ሴት፣ ማዕድ አቅራቢ ብቻ ሳትሆን የማዕዱ ባለቤት ሆነች ማለት ነው።

አሁን ወደ ራሴ ሥራ ልመልሳችሁ። በ1970ዎቹ መጨረሻ በአድአ ገጠር አቅራቢያ በሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ እሠራ ነበር። አንድ አባት ልጁን በጋሪ ጭኖ መጣ። ልጅቱ ሦስት ቀን አምጣ የሞተ ልጅ ወልዳለች። ሽንቷ መፍሰስ ሲጀምር የባሏ ቤተሰቦች ‹‹እስክትድን ወደ ወላጆቿ ትሂድ›› ብለው ላኳት፤ ‹‹እስክትድን›› የሚለው ቃል አንድ ዓመት ሆነው። ካርዷን እየሞላሁ ሳለሁ ሽማግሌው ከጨርቅ ቋጠሮ ጭኮ አውጥተው አንድ ጊዜ እሷን ያጎርሳሉ፣ አንድ ጊዜ ራሳቸው ይጎርሳሉ። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሰዎች ወደ ኋላ ሸሸት ብለዋል። እሳቸው አላዩም፤ ወይም አይተው እንዳላየ ሆነዋል። ‹‹ቤትም እንዲህ ነው የምትበሉት?›› ብዬ በኦሮምኛ ጠየቅኋቸው። ‹‹ከልጄ ሌላ ከማን ጋር ልብላ?›› አሉኝ።

ወደ አዲስ አበባ ላክናት። ከወራት በኋላ በእግሯ መጥታ ደጃችን ቆመች፤ ድናለች። ቀዶ ሕክምናውን የሠሩት ሐኪሞች ናቸው፤ ቀዳዳውን የደፈኑት እነሱ ናቸው። እኔ ግን እስከ ዛሬ የማምነው፣ ለሐኪሞቹ የሚታከም ሰው ያቆዩላቸው እኚያ ሽማግሌ ናቸው ብዬ ነው። በእሷ ዕድሜ፣ በእሷ ጉዳት፣ ከዚያ ቀደምም ከዚያ በኋላም ሌሎች አይቻለሁ። ለብቻ ትንሽ ጎጆ የተሠራላት ልጅ ስትመጣ ዓይኗ ሌላ ነው። ሰውነቷ ቢድን እንኳ ሰው ፊት ቁጭ ብሎ መብላትን እንደገና ለመልመድ ጊዜ ይወስድባታል።

ይህንን ሁሉ የማወራው ስለ ድሮ አይደለም። ባለፈው ክረምት ፊልሙን የልጅ ልጄ በስልኳ አገኘችውና ከቴሌቪዥን ጋር አገናኝታ አሳየችን። ዕለቱ ቤቴ ማኅበር የነበረበት ስለሆነ ሴቶቹ ቡና ላይ ነበሩ። ሁላችንም የልጅ ልጅ ያየን ነን። አለቀስን። ስናበቃ አንዷ፣ ስሟን አልጠራም፣ ሌሎቹ እስኪወጡ ቆይታ ስኒ ማጠብ ጀመረች። በቤቴ ስኒ አጥባ አታውቅም። ጀርባዋን ሰጥታኝ ‹‹ሲስተር፣ እኔም እኮ እንደነሱ ነኝ›› አለችኝ።

ይህች ሴት ከሦስት ዓመት በፊት ከማኅበር መቅረት ጀምራ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድም ከሁሉ ኋላ ትቆማለች፣ ቅዳሴው ሳያልቅ ትወጣለች። እድር ላይ ለቅሶ ደርሳ ቶሎ ትነሣለች። ከእኛ ውስጥ ‹‹ልጇ ከውጭ ብር ሲልክላት ኮራች›› ያለም ነበር። ለካስ ስታስል፣ ስትስቅ፣ ከመቀመጫዋ ስትነሣ ሽንት ያመልጣታል። ስድስት ልጅ የወለደች ናት፤ ስትቆም ‹‹የሆነ ነገር ወደ ታች ይወርድብኛል›› አለችኝ። ወደ ማኅበር የምትመጣበት ቀን ከጠዋት ጀምራ ውሃ አትቀምስም፣ እኛ ዘንድም ቡናውን በከንፈሯ ነክታ ታስቀምጣለች። አያችሁ፣ ያው የገጠሯ ልጅ ዘዴ ነው።

ቀጥሎ የነገረችኝ ደግሞ ከዚያ የባሰ ከበደኝ። ልጇና ምራቷ ግቢ ውስጥ ሰርቪስ ቤቱን አድሰው ሰጥተዋታል። ጥሩ አልጋ አለ፣ ቴሌቪዥን አለ፣ የራሷ መጸዳጃ አለ፣ ምግብ በትሪ ይመጣላታል። ምራቷን አውቃታለሁ፤ ደግ ልጅ ናት፣ ‹‹እማዬ ለራሷ እንዲመቻት›› ብላ ያደረገችው ነው። ትልቁ ቤት ሶፋ ላይ አንድ ቀን የሆነ ነገር ሆኖ፣ ማንም አንድም ቃል ሳይናገር፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሰርቪሱ ቀለም ተቀባ። እሷም አልተቃወመችም። ‹‹ምን ልበላቸው? ተንከባከቡኝ እንጂ አልበደሉኝ›› አለችኝ። እውነቷን ነው፤ አልበደሏትም። ግን የልጅ ልጆቿ እራት የሚበሉበትን ድምፅ ከግቢው ማዶ ሆና ትሰማለች።

የሷ በሽታ ፌስቱላ አይደለም፤ ሐኪም አይቷት የማኅፀን መውጣት መሆኑ ታወቀ። ማኅፀኑን ደግፎ የሚይዝ ቀለበት ተደረገላት፣ የሚሠራ እንቅስቃሴም ተነገራት። ሙሉ በሙሉ ደርቃለች ብዬ አልዋሻችሁም፤ አንዳንዴ ያመልጣታል፣ ሞዴስ ታደርጋለች። ሆኖም ማኅበር ላይ ሦስተኛ ቡና እስኪቀዳ ትቀመጣለች። ሐኪም ቤት ከመሄዷ በፊት የነበረው አንዱ ወር ግን ከሁሉ የከበደው ነበር። በሽታዋን ለምራቷ መንገር! ‹‹ለሐኪሙ ዕራቁቴን እሆናለሁ፣ ለሷ ግን አልናገርም›› ትለኝ ነበር። በመጨረሻ የነገረቻት ራሷ ናት። ምራቷ አለቀሰች፣ ቀጥሎም ‹‹እኔም እኮ ከመንታዎቹ ወዲህ ያመልጠኛል›› አለቻት። ሁለት ሴቶች በአንድ ግቢ፣ በአንድ ችግር፣ ሁለቱም ዝም።

ስለዚህ ወላጆችና አያቶች፣ የዕድሜ ልክ ሥራዬ ካስተማረኝ ጥቂት ነገር ልንገራችሁ።

ምጥ የጀመራት ልጃችሁ ወይም ምራታችሁ ቤት ውስጥ እንድትቆይ አትፍቀዱ። ከመጀመሪያውኑ ጤና ተቋም መሄድ ነው የሚሻለው፤ 12 ሰዓት እያለፈ ‹‹ትንሽ እንጠብቅ›› ማለት አደጋ ነው። ‹‹የወለደች ሴት አርባ ቀን መቃብሯ አፉን ከፍቶ ይጠብቃታል›› ይሉ የነበሩት እናቶቻችን የሚያውቁትን ነው የተናገሩት። ብዙ ጊዜ ‹‹እንሂድ›› ወይም ‹‹እንቆይ›› የሚለውን የሚወስነው ምጥ የያዛት ልጅ ሳትሆን አማቷ ወይም እናቷ ናት። ያ ሥልጣን በእጃችን እስካለ ድረስ እንጠቀምበት። ሰውነቷ ሳይጠና መዳርም ሌላው የዚህ በሽታ መንገድ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 አድርጎታል፤ እኔ እንደ ነርስ ሕጉ ከሐኪም ምክር ጋር አንድ ነው እላለሁ።

ከወሊድ በኋላ ሽንቷ ሳያቋርጥ የሚፈስ ሴት በዚያው ቀን ሐኪም ትይ። ገና ትኩስና ትንሽ ቀዳዳ ከሆነ የሽንት ትቦ ለሳምንታት ተደርጎ ያለ ቀዶ ሕክምና ሊድን ይችላል። ቢቆይም ተስፋ አትቁረጡ፤ አብዛኞቹ በቀዶ ሕክምና ይዘጋሉ። ከአዲስ አበባው ሌላ በባሕር ዳር፣ በመቐለ፣ በይርጋለም፣ በሐረርና በመቱ የፌስቱላ ማዕከላት ተከፍተዋል።

በዕድሜ ለገፋነው ደግሞ፣ ሽንት ማምለጥ ‹‹የእርጅና ወግ›› ተብሎ የሚተው ነገር አይደለም። ብዙ ወልዶ የላላ ጡንቻ፣ የማኅፀን መውጣት፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ ስኳር፣ አንዳንዴም የደም ግፊት መድኃኒት ሊያመጣው ይችላል። ወንዶቹም አትሳቁ፤ ፕሮስቴት ሲያብጥ የእናንተም ይመጣል። ውሃ አትቀንሱ። እናቶች ሽንትን ለማቆም እንደሚደረገው የታችኛውን ጡንቻ ጨብጡ፣ እስከ አምስት ቆጥራችሁ ልቀቁ፤ አሥር ጊዜ፣ በቀን ሦስት ጊዜ። ቡና ሲፈላ ተቀምጣችሁ ብትሠሩት ማንም አያውቅባችሁም። ለውጡን ለማየት ግን ሦስት ወር ያህል መታገሥ ያስፈልጋል።

ከዚህ ሁሉ የሚቀድመው ግን መጠየቅ ነው። እናታችሁ ለቅሶ ቤት መሄድ ካቆመች፣ አባታችሁ ረጅም መንገድ በመኪና መሄድ እምቢ ካሉ፣ ጎረቤታችሁ ሻይ ሲቀርብላት ‹‹ይቅርብኝ›› ካበዛች፣ ‹‹ኮሩ›› ወይም ‹‹ጃጁ›› ከማለታችሁ በፊት ሰው በሌለበት ቀስ ብላችሁ ጠይቁ። ‹‹ሽንት ያስቸግርሻል?›› ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ነውሩ ሳይጠይቁ ክፍል ማዘጋጀት ነው። ይህንን ስል በሽንት ብቻ አልወሰንም። የሚጥል በሽታ ስላለበት እንግዳ ሲመጣ ጓዳ የሚገባ ልጅ፣ አእምሮው ስለታወከ በትሪ ብቻ የሚመገብ ወንድም፣ በዚህችው በቢሾፍቱ ከባቦጋያ እስከ ጨለለቃ ባሉ ግቢዎች ውስጥ በሥራ ዘመኔ ስንቱን አይቻለሁ። ቤተሰቦቻቸው የሚወዷቸው ነበሩ።

ፊልሙ ሁሉም ድኖ፣ ሁሉም ደስ ብሎት አያልቅም። ከሴቶቹ አንዷ ፊኛዋ በጣም ስለተጎዳ ቀዶ ሕክምናው እንደሌሎቹ አላደረቃትም፤ ዜናውን ስትሰማ ማየት ያማል። እንደሷ ላሉት ሆስፒታሉ ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ደስታ መንደር የተባለ መኖሪያ አለው፤ ሥራ ይማሩበታል፣ አብረው ይኖሩበታል። ፊልሙ በወጣበት ዓመት የተከፈተው የሐምሊን የአዋላጆች ኮሌጅም እዚያው ነው። አዋላጆቹ ከገጠር ተመልምለው፣ ተምረው፣ ወደ ገጠር ይመለሳሉ። የማይድነውን በሽታ ይዞ ከሰው ጋር መኖር እንደሚቻል፣ ቀጣዩም ትውልድ ከዚያ በሽታ እንዲድን ማድረግ እንደሚቻል በአንድ ግቢ ውስጥ ይታያል።

ፊልሙን ብታገኙት ከልጆቻችሁና ከምራቶቻችሁ ጋር ሆናችሁ እዩት፤ ብቻችሁን አትዩት። ሲያልቅ ቶሎ አትነሡ። ስኒ ለማጠብ የሚቀር ሰው ይኖር ይሆናል።